የኮትዲቯር ለቅሶ

ኳስ አልወድም። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ ምግብ ቤት ከፍቼ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን የሰቀልኩት ኳስ የሚያይ ሰው ቶሎ ስለማይነሣ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ይበላል፣ ሲሸነፍ ይጠጣል፤ ለኔ ሁለቱም ያው ነው። ስለ ጋሽ ዘርአይ ላውራ ካልኩ ግን ኳስን መዝለል አልችልም። የተዋወቅነውም በኳስ ነው፣ ያ ሁሉ ነገር የደረሰውም በኳስ መሃል ነው።

የሰውየው ሙያ ፍሪጅ መጠገን ነው። ናይሮቢ ውስጥ እንዲህ ያለውን ባለሙያ ፉንዲ ይሉታል፤ ከኪሊማኒ እስከ ላቪንግተን ያሉ የቤት ሠራተኞች ስልኩን የያዙት «ፉንዲ ዘርአይ» ብለው ነው። እኔ ጋ መጀመሪያ የመጣው ፍሪጄ ማቀዝቀዝ ያቆመ ዕለት ነበር። ጀርባውን ፈታ፣ አንድ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠጋ። ይሄኔ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ በረኛ የማይረባ ጎል ገባበትና ደንበኞቼ ጮኹ። ጋሽ ዘርአይ መፍቻውን እንደያዘ ወጥቶ ቆሞ ማየት ጀመረ፤ ጨዋታው እስኪያልቅም አልተመለሰም። የሥጋዬ በረዶ ቀልጦ ወለሉ ውሃ በውሃ ሆነ። ስቆጣው አንገቱን ደፋ አድርጎ «ጓዲት፣ ጥፋቱ የበረኛው ነው» አለኝ።

አማርኛው የደርግ አማርኛ ነው። አስመራ ተወልዶ፣ ትምህርት በአማርኛ በሚሰጥበት ዘመን ተምሮ፣ በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ መጣ። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማቀዝቀዣ ይጠግን ነበር፣ ለፋብሪካውም ቡድን በረኛ ነበር። የቀኝ እጁ ጣቶች የተጣመሙት ያኔ ነው። አዲስ አበባ ላይ አገባ፣ ወለደ። በባድሜው ጦርነት ጊዜ ግን ኤርትራዊ ነህ ተባለና ከሚስቱ ከእትዬ ትበርህና ከሁለት ልጆቹ ጋር አውቶቡስ ላይ ተጫነ። ሴቷ ናጽነት ትባላለች፣ ታናሽየው ኣስመሮም። ስለዚያ ጉዞ ሲጠየቅ የሚያነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኣስመሮም የአባቱን የበረኛ ጓንት እጁ ላይ አጥልቆ መንገዱን ሙሉ እንደተኛ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንኳን እኔ፣ እሱ ራሱም በቅጡ አያወራውም። አስመራ ኖሩ፣ ሱዳን ወጡ፣ በጁባና በካምፓላ አድርገው እዚህ ደረሱ። ናጽነት ሆላንድ ገባች። ኣስመሮም ካርቱም ሥራ አግኝቶ እዚያው ቀረ።

ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ክብ ጠረጴዛ የነሱ ነው። አንዱ ጋሽ ዘርአይ ነው። ሁለተኛው ካሣሁን ነው፤ አየር መንገድ ሲሠራ ኖሮ በጡረታ ናይሮቢ የቀረ፣ ቀልድ ቢነግሩት እንኳ መጀመሪያ እውነት መሆኑን የሚያጣራ ሰው። ሦስተኛው ሚልኬሳ ነው። ሚልኬሳ ጊጊሪ ሰፈር በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ይሠራል፤ ከረባቱ የትልቅ ሰው ነው፣ ጠባዩ ግን የተማሪ ቤት ልጅ። ጋሽ ዘርአይ ሁለቱንም «ጓድ» እያለ ነው የሚጠራቸው።

ነገሩን የጀመረው ይሄው ሚልኬሳ ነው። ኢትዮጵያ በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ከምድቧ ሳታልፍ ስትቀር የኔን ነጠላ ወስዶ ቴሌቪዥኑን ሸፈነና «ለቅሶ ደረስን» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ በዚያው ሥርዓት ሆኖ ቀረ። የኳታሩ የዓለም ዋንጫ ሲመጣ ደግሞ ኢትዮጵያም ኤርትራም ስለሌሉበት በዕጣ አገር መከፋፈል ጀመሩ። በዕጣ የደረሰህ አገር ለአንድ ወር አገርህ ነው። ከውድድሩ ሲወጣብህ በማግስቱ ማለዳ ወዳጆችህ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ይዘው ቤትህ ድረስ ይመጣሉ። ትከፍታለህ፣ ያለቅሱልሃል፣ ሟቹን ያወድሳሉ፣ ንፍሮውን በልተው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

በዚህ ነገር ከጋሽ ዘርአይ የሚበልጥ አልነበረም። ያኔ ሚልኬሳ ብራዚል ደርሶት ነበር። ብራዚል በክሮኤሺያ በፍጹም ቅጣት ምት ስትወድቅ ጋሽ ዘርአይ ጎህ ሲቀድ ሚልኬሳ በር ላይ ቆሞ «ወንድሜ ብራዚል፣ ያን ሁሉ ዋንጫ ለማን ትተኸው ሄድክ» እያለ ደረቱን መታ። ጎረቤቶቹ ሕንዶች እውነት መስሏቸው ወጡ። ሚልኬሳ በቁምጣ ቆሞ እስኪያልበው ሳቀ፤ ቀን ጠብቄ ብድሬን እመልሳለሁ ብሎም ማለ። እኔ ለቅሶ አይቀለድበትም ብያለሁ። «ሠርክ፣ አንቺ ሁሉ ነገር ይከብድሻል» አሉኝ፤ ተውኳቸው።

ያን ጊዜ ኣስመሮም ካርቱም ነበር። አንድ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ለአባቱ ይደውላል፤ አባትና ልጅ ስለ በረኞች ይከራከራሉ። ጋሽ ዘርአይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን መሃል ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ልጁ አማርኛውን አብዛኛውን ረስቶታል፤ ያልረሳትን «ጤና ይስጥልኝ ጓዶች» ይለንና ወደ ትግርኛው ይመለሳል። መልኩን አይቼው አላውቅም፤ ሳቁን ግን ከብዙ ሰው መሃል እለየዋለሁ።

ከዚያ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ኣስመሮም ከሌሎች ጋር ሸሽቶ ወደ ሊቢያ ወጣ። ክረምቱ ሲያልቅ አንድ የድምፅ መልእክት ላከ። «ባባ፣ ወደ ባሕሩ ልንወርድ ነው። ስልኬን ይወስዱብኛል፤ እንዳትደነግጡ። ለአፍሪካ ዋንጫ እደውልልሃለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ጋሽ ዘርአይ ስለዚህ አያወራም፤ ስልኩን ብቻ መስተዋቱን ወደ ላይ አድርጎ ከሳህኑ ጎን ያስቀምጣል። አንድ የላቪንግተን እመቤት ፍሪጇ ጮኸ ብላ ስትደውል ከወንበሩ ተነሥቶ ይቆምና ቁጥሩን አይቶ ይቀመጣል። እትዬ ትበርህ ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር እጇ ደረቷ ላይ ነው።

ጥር ላይ የአፍሪካ ዋንጫው ደረሰ፤ አስተናጋጇ ኮትዲቯር ነበረች። ዕጣውን ከካሣሁን ቆብ ውስጥ ያወጣችው ልጄ ሐሊና ናት። ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ስላደገች አፏ ሦስት ቦታ ነው። «ጋሽ ዘርአይ፣ ዩ ጎት ኮትዲቯር። ሆስት ናቸው፣ ቀላል አይደሉም፣ ሳዋ?» አለችው፤ እሺ አይደል ማለቷ ነው። ለሚልኬሳ አልጄሪያ፣ ለካሣሁን ማሊ ደረሳቸው። ኳስ አልወድም እያልኩ ለኔም ጋናን ሰጡኝ።

«አገር አልባ ሆነን ቀረን» አለ ካሣሁን፤ «ኢትዮጵያ በማጣሪያ ወደቀች። ኤርትራ ደግሞ ማጣሪያውም ውስጥ የለችም።»

«የኛ ልጆች ለጨዋታ ውጭ ከወጡ አይመለሱማ» አለ ጋሽ ዘርአይ። «ለነሱ ሜዳ ማለት መንገድ ማለት ነው። ታዲያ በምን ቡድን ይኖረናል?»

«እዚሁ ናይሮቢም መጥተው ጠፍተዋል» አለ ሚልኬሳ።

ጋሽ ዘርአይ ስልኩን በጣቱ ቀና አደረገው። «ጠፉ አትበል፣ ጓድ ሚልኬሳ። ሄዱ በል። የጠፋ ሌላ ነው።»

ሚልኬሳ ጎበዝ ነው፣ ቶሎ ገባው፤ ወሬውን ወደ አልጄሪያ አጥቂዎች መለሰ።

ኮትዲቯር ከኢኳቶሪያል ጊኒ ጋር የተጫወተችው ሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በገዛ ሜዳዋ፣ በገዛ ሕዝቧ ፊት አራት ለባዶ ተገረፈች። ያን ምሽት ጋሽ ዘርአይ ስለ ጎሎቹ ግድ ያለው አይመስልም ነበር፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ጨዋታ በሆነ ቁጥር «ዛሬ ይደውላል» ይላል። ሦስተኛው ጎል ሲገባ ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

«ሞቱ» አለ ሚልኬሳ። «የብራዚልን ብድር ነገ ማለዳ።»

«አልሞቱም» አለ ካሣሁን። «ሦስተኛ ሆኖ ማለፍ አለ። የሌሎቹ ምድብ ውጤት ከቀናቸው...»

«አሰልጣኙን እንኳ ሊያባርሩት ነው አሉ። አራት ለባዶ ተገርፎ የሚነሣ ማን አለ?»

ካሣሁንም ተስማማ። ንፍሮውን እኔ ቀቀልኩት፤ ስንዴና ሽንብራ። ዛሬም ድረስ የሚገርመኝ ከመሃላችን አንድ ሰው እንኳ አለማሰቡ ነው። ሁላችንም መርዶ በምን ሰዓት እንደሚነገር እያወቅን ያደግን ነን። ሰው ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ ሽማግሌዎች ነጠላ አዘቅዝቀው በሩ ላይ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ ለማንኛችንም ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያ ላይ ልጁ በባሕር ጉዞ ከጠፋበት ሰው በር ላይ ነበር የቆምነው። ግን ኳስ ውስጥ ነበርን፤ ኳስ ውስጥ ያለ ሰው ከኳሱ ሌላ አይታየውም።

እነ ጋሽ ዘርአይ የሚኖሩት ከኪሊማኒ ጀርባ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ማለዳ ስንደርስ የሕንፃው ዘበኛ ነጠላችንን አይቶ ቆቡን አወለቀና «ፖሌ ሳና» አለን፤ አዝናለሁ ማለቱ ነው። ሚልኬሳ ሳቁን ለመዋጥ አፉን በነጠላው ያዘ። ወጣን፣ አንኳኳን። ጋሽ ዘርአይ በሌሊት ልብሱ፣ ባዶ እግሩን ከፈተ። ሚልኬሳ አፉን ከፍቶ ሊጀምር ነበር።

ጋሽ ዘርአይ እያንዳንዳችንን አየን። ነጠላችንን አየ፣ የኔን ድስት አየ። በተለመደው ድምፁ፣ ፍሪጁ ምን ሆነ ብሎ እንደሚጠይቀው አድርጎ፣ «የት ተገኘ?» አለን።

ከኋላው እትዬ ትበርህ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ታች ስትንሸራተት አየሁ።

«ኧረ... ጋሽ ዘርአይ፣ ኮትዲቯር ነው» አለ ሚልኬሳ። ድምፁ የሕፃን ሆነ። «ትናንት... አራት ለባዶ... ኳስ ነው፣ ጋሽዬ። ኳስ ነው።»

ከዚያ ጋሽ ዘርአይ ደፉ ላይ ቁጭ አለና ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ እንባው እየወረደ፣ ጉልበቱን እየመታ፣ «ኳስ ነው፤ ትበርህ፣ ኳስ ነው» እያለ ሳቀ። እኛም በድንጋጤ ሳቅን። እትዬ ትበርህ ግን አልሳቀችም። ቀስ ብላ ተነሣች፣ ድስቱን ከእጄ ተቀበለች፣ ግቡ አለችን። በልተን ስንወጣ በሩን እንደያዘች «ሁለተኛ በዚህ ሰዓት በሬን እንዳታንኳኩ» አለች። «ለምንም ነገር።» ስታይ የነበረው ሚልኬሳን አልነበረም፤ እኔን ነበር። ልክ ናት፤ ከመሃላቸው እናት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቆሌያችን ተገፍፎ ሰነበትን። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ ሳይታሰብ ሞሮኮ ዛምቢያን አሸነፈችና ሞተች የተባለችው ኮትዲቯር በሦስተኛነት አለፈች። በማግስቱ ጋሽ ዘርአይ ጋዜጣ በብብቱ ይዞ ገባ፤ «አልሞትንም» አለ ገና ከበሩ። ከዚያ ደግሞ የዋንጫው ባለቤት ሴኔጋል በፍጹም ቅጣት ምት በኮትዲቯር እጅ ወደቀች። የሚልኬሳ አልጄሪያ በሞሪታኒያ ተረታች፣ የኔም ጋና ተሰናበተች፤ ለሁለቱም ለቅሶ የሄደ የለም። ከዚያ ማለዳ ወዲህ ነገሩ ለሁላችንም አስጠልቶን ነበር።

ጋሽ ዘርአይ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ለወራት የልጁን ስም አፉ ላይ አላመጣም ነበር፤ አሁን ለሰው ሁሉ ያወራ ጀመር። ኣስመሮም ቁመቱ ለበረኛ እንደሚበቃ፣ ከሊቢያ ከተሻገረ ናጽነት ጋ እንደሚሄድ፣ ስልክ መቋረጥ ሞት እንዳልሆነ ያወራል። የኔን ፍሪጅ ሊያይ መጥቶ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻችንን ስንሆን እንዲህ አለኝ።

«ያን ቀን በር ላይ ሳያችሁ አለቀ ብዬ ነበር፣ ሠርክ። ልጄን እዚያው ቆሜ ቀበርኩት። ከዚያ ኳስ ነው አላችሁኝ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። መርዶው መጣ፣ ውሸት ሆኖ ተመለሰ። ሁለተኛ አይመጣም።»

ምን ይባላል? አሜን አልኩት። በልቤ ግን ያን የኮትዲቯር ቡድን ረገምኩት፤ እንደ ደንቡ ሞቶ ቢያርፍ ኖሮ ሰውየው እንደ ፈራ ይቆይ ነበር፤ ፍርሃቱ ይሻለው ነበር።

ማሊና ኮትዲቯር የተገናኙት ቅዳሜ ማታ ነው፤ ካሣሁንና ጋሽ ዘርአይ ማለት ነው። ቤቱ ሞልቶ ሰው ቆሞ ያያል። ኮትዲቯር ገና ከዕረፍት በፊት አንድ ሰው በቀይ ካርድ ወጣባት፣ ከዕረፍት መልስ ማሊ አገባች። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ስልኬ ጠራ፤ የውጭ ቁጥር ነው።

«እትዬ ሠርክ? ናጽነት ነኝ፣ የዘርአይ ልጅ። ብቻሽን ነሽ?»

በሩን በእግሬ ገፍቼ ዘጋሁት። ከጥያቄዋ አወቅሁ።

ከኣስመሮም ጋር ጀልባ ላይ የነበረ አንድ ልጅ ተርፎ ሊቢያ ውስጥ ታስሮ ኖሯል። ሲለቁት ቁጥሯን ፈልጎ ደወለላት። ጀልባው የተገለበጠው መስከረም ላይ ነው። ኣስመሮም ሲሰጥም በዓይኑ አይቷል። አስከሬን የለም። «ስልኬን ይወስዱብኛል» ካለ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞቷል ማለት ነው። እኛ ቆብ ውስጥ ዕጣ ስናማስል፣ ያን ማለዳ በር ላይ ቆመን «ኳስ ነው» ስንል፣ ልጁ ከሞተ ወራት አልፎት ነበር።

«በስልክ አልነግራቸውም» አለች ናጽነት። አታለቅስም ነበር፤ አልቅሳ ጨርሳ ነው የደወለችው። «አልችልምም፣ ነውርም ነው። እባክሽ ሰው ሰብስቢና በሥርዓቱ ንገሩልኝ። ነገ ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ። እዚያ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት።»

እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ፤ ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም። ስወጣ ሰዓቱ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ ካሣሁን አለፍን ብሎ አጠገቡ ያሉትን መጨበጥ ጀምሯል። በዚያ ቅጽበት ኮትዲቯር አገባች። ቤቱ ተናጋ። ጋሽ ዘርአይ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ፣ ከፊቱ ያገኘኝን እኔን በሁለት እጁ አቀፈኝ። ልብሱ የሞተር ዘይት ይሸታል። «አየሽ፣ ሠርክ» ይላል በጆሮዬ፤ «አየሽ አይደል? አሥር ሰው ሆነው። አልኩሽ እኮ።»

አለቀስኩ። ሰው ሁሉ በደስታ መሰለው። ሐሊና እንኳ «ማም፣ በመጨረሻ ኳስ ወደድሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

ያን ጊዜ ልነግረው ይገባ ነበር የሚል ካለ ይበል። መርዶ በማታ አይነገርም፤ ሰው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ጉልበት ይዞ ይንቃ ይባላል። እኔም ያንን ያዝኩ። ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ኮትዲቯር ሁለተኛውን አገባች። ጋሽ ዘርአይ ሄዶ የካሣሁንን ግንባር ሳመው። «ጓድ ካሣሁን፣ ሐዘንህ ሐዘኔ ነው። ነገ በርህን እንዳትቆልፍ» አለውና ስልኩን ኪሱ ከቶ እየሳቀ ወጣ።

ቤቱ ሲቀዘቅዝ ለሁለቱ ነገርኳቸው። ካሣሁን ቆቡን አወለቀ። ሚልኬሳ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ፤ ቆይቶ ቆይቶ «እኔ አልሄድም» አለ። «ፊቴን ሲያይ ይስቃል። ሲስቅ ማየት አልችልም።»

«ትሄዳለህ» አለ ካሣሁን። «ለውሸቱ ከሄድክ ለእውነቱም ትሄዳለህ።»

ከዚያ ሰዓቱን ተከራከርን። እትዬ ትበርህ በዚያ ሰዓት በሬን አታንኳኩ ብላለች። ቀን ላይ እንዳናደርገው ደግሞ እነሱ እሑድ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሌላ ሰዓት አልተገኘም። ካሣሁን ለነሱ ደብር ቄስ ደወለላቸው፤ እኚያ አዛውንት ከላቪንግተን ወዲያ በታክሲ እመጣለሁ አሉ። ነጠላውንም ተከራከርንበት። ብናዘቀዝቀው ቀልድ ይመስለዋል፤ ባናዘቀዝቀው ለልጁ ነውር ነው። በመጨረሻ እንደ ቤተ ክርስቲያን ለብሰን፣ ውስጥ ስንገባ እንገለብጠዋለን ተባባልን። ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለን የምንማከረው ይህንን ነበር።

ሲነጋ ዘበኛው አየን። በዚህኛው ጊዜ ቆቡን አላወለቀም፤ ጥርሱን አሳየን። «ምፒራ ቴና?» አለ፤ ዛሬም ኳስ ነው ወይ ማለቱ ነው። አልፈነው ገባን። ቄሱ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን ቀስ ብለው እንዲመጡ ትተን ሦስታችን ቀደምን።

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ዘርአይ ለመውጣት ለባብሶ ቆሟል። የእሑድ ሱፉን አድርጓል፣ የአንድ እግር ጫማው ክር ገና አልታሰረም። ከሱፉ በላይ ነጠላ ደርቧል፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቆ፣ እንደ ሐዘንተኛ። ከውስጥ የተቀቀለ ሽንብራ ይሸታል። ከኋላው እትዬ ትበርህ የንፍሮውን ድስት በፎጣ ይዛ ቆማለች። ያን ማለዳ ያልሳቀችው ሴት አሁን ፈገግ ብላለች፤ የባሏ ደስታ አሸንፏት ለካሣሁን ለቅሶ ልትሄድ ነው።

ጋሽ ዘርአይ ሲያየን ሳቁ ፈነዳ። «ተሳሳታችሁ» አለ። «ተሳሳታችሁ፣ ጓዶች። እኛ እኮ አለፍን። የሞተችው ማሊ ናት። ጓድ ካሣሁን፣ ሐዘንተኛ ሆነህ ከቤትህ ትወጣለህ እንዴ? እኛው ልንመጣልህ አልነበር?»

ካሣሁን ዞሮ ወደ ደረጃው አየ። ሚልኬሳ ወለሉን ያያል።

«ምነው፣ ሰው ቢሸነፍ እንዲህ ይሆናል?» አለ ጋሽ ዘርአይ እየሳቀ። «በረኛው ምን ያድርግ...»

ቄሱ ከኋላችን የመጨረሻውን ደረጃ ወጡ። መጀመሪያ ነጭ ጥምጥማቸው ታየ፣ ቀጥሎ መስቀሉን የያዘው እጃቸው። ትንፋሽ አጥሯቸው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

እትዬ ትበርህ ከሁላችንም ቀድማ አወቀች። ድስቱን አልጣለችውም። ጎንበስ ብላ፣ እንዳይፈስ ተጠንቅቃ ወለሉ ላይ አስቀመጠችውና እዚያው ድስቱ አጠገብ ቁጭ አለች። «ዘርአይ» አለች፤ «ተው። ዝም በል።»

እሱ ግን ፈገግታው ገና ከፊቱ አልወረደም። ቄሱን አየ፣ ካሣሁንን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ወደ ሚልኬሳ ተጠጋና በእነዚያ በተጣመሙ ጣቶቹ እጅጌውን ያዘው። እንደ ወትሮው ጓድ አላለውም።

«ልጄ» አለው፤ «ኳስ ነው በለኝ።»

ሚልኬሳ በሌላው እጁ ነጠላውን አዘቀዘቀ።